ስልኩ ደርቋል ያለው ቡና

አባይነህ በስብሰባው ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ሶፊ ላይ ያዝነው» ሲል ሌባ የያዘ ነበር የሚመስለው። ያዝነው ያለው በሽታ ነው፤ የቡና ግንድ አድርቅ። ይህ በሽታ ሻጋታ ነው። ከአፈር ይነሳና ግንዱ ውስጥ ገብቶ ውኃ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይጠቀለላል፣ ይደርቃል፤ ዛፉም ቆሞ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ነው ያለው መላ። ስለዚህ «ያዝነው» የሚለው ቃል ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ሰው ሁለቴ ሊያስብ ይገባል። አባይነህ ግን የሚጠብቀው ጭብጨባ ነበር፤ ተጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብኩም።

የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ስሜ ዕፀገነት። የሐረር ልጅ ነኝ። ፈረስ መጋላ፣ ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ ተወልጄ አድጌ አሁንም እዚያው ነኝ። አባይነህ የፕሮጀክታችን አስተባባሪ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ፕሮጀክቱ «ቅጠል ዓይን» ይባላል። አንድ ሰው የቅጠል ፎቶ ያነሳል፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ፎቶውን አይቶ የበሽታውን ስም ይናገራል። ኮምፒውተሩ ይህን የተማረው እንደ ልጅ ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው የቅጠል ፎቶ እያሳዩ «ይሄ ጤነኛ ነው፣ ይሄ ታሟል» እያሉ አስተምረውታል። ኋላ ቀር የሚለኝ እንዳይኖር አስቀድሜ ልናገር፤ ነገሩ ድንቅ ነው። እኔ አጉሊ መነጽር ላይ አፍጥጬ ግማሽ ቀን የምፈጅበትን እሱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይጨርሰዋል። ያናደደኝ ማሽኑ አይደለም። ማሽኑ ምን አጠፋ?

«ፎቶውን ማን አነሳው?» አልኩ።

«ሚኪያስ» አለ አባይነህ። ሚኪያስ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው። ጨዋና ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቡናን ግን ከሲኒ ውጭ አያውቀውም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ያይ ነበር።

«የማን ማሳ ነው?»

«ሰዒድ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ማሽኑ ዘጠና ስድስት በመቶ እርግጠኛ ነው። ቅዳሜ ነቅለን እናቃጥላለን፤ የቴሌቪዥን ሰዎችም ይመጣሉ።»

ጋሽ ሰዒድን አውቃቸዋለሁ። ከሐረር ወረድ ብላ ያለችውን ሶፊን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃቸዋል። በዚያ ዳገት ላይ ያለው ገበሬ ሁሉ ቡናውን እየነቀለ ጫት ሲተክል እሳቸው ብቻ እምቢ ያሉ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ለምነዋቸዋል፣ ተቆጥተዋቸዋል፣ አንዱ እንዲያውም አኩርፎ ጅግጅጋ ሄዷል። የሳቸው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቡናው የአባታቸው አማና ነው፣ አደራ አይሸጥም አይለወጥም። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው «ያዝነው» የሚላቸው። 

«ካየሁት በኋላ እንነጋገራለን» ብዬ ሚኪያስን አስነስቼ ወጣሁ።

ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ይዘን ወደ ሶፊ ወረድን። በመንገድ ላይ ሚኪያስን ዛፎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር ጠየቅኩት። «ቅጠላቸው በጣም ደርቋል» አለኝ። ግንዱን ስለው በመስኮት ወደ ውጭ አየ። አፈሩን ስለው ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ። ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ግን ሰው በተሞላ ሚኒባስ ውስጥ ልጮህበት አልፈለግኩም።

ጋሽ ሰዒድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መጥረቢያ ይስሉ ነበር። ባለቤታቸው እማ ሜይሙና ከውስጥ ወጥተው ጉንጬን ሳሙኝ። አርጅተዋል። ፊታቸው ተጨማድዶ አጥንታቸው ላይ ተጣብቋል፤ እጃቸው ግን ሲጨብጥ ያማል። ሚኪያስን ሲያዩት ደስ አላቸው።

«ማሻአላህ፣ ልጃችን ተመለሰ። የዚያን ዕለት በፀሐይ ነድዶ ነበር የመጣው፤ ዛሬ ደህና ነህ ወይ?»

«ደህና ነኝ እማማ» አለ ሚኪያስ፤ አንገቱን ደፍቶ።

«የትኞቹን ዛፎች ነው ያነሳኸው? አሳየኝ» አልኩት።

 የመለሱልኝ እማ ሜይሙና ናቸው።

«ዛፉ ጋ መች ወጣ? ላቡ እየተንጠፈጠፈ መጥቶ የቡና ቅጠል ለማየት ነው የመጣሁት አለ። እንግዳ ሰው በዚያ ሐሩር ዳገት እሰዳለሁ እንዴ? ነውር ነው። ለቁጢ የለቀምኩት ነበር፤ በሰፌድ አድርጌ እጥላው ሥር አመጣሁለት። ወላሂ፣ ጥሩ ጥሩውን መርጬ ነው የሰጠሁት። እሱም አንድ በአንድ እየደረደረ አነሳና መርቆኝ ሄደ።»

ሐረር ላልኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ። እኛ ጋ የቡና ቅጠል ይጠጣል፤ ቁጢ ይባላል። ለጋው ቅጠል ለቁጢ አይሆንም። እዛፉ ላይ አርጅቶ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ የተጠቀለለው ነው የሚለቀመው። ያንን ደረቅ አድርገው፣ ቆላ አድርገው ያፈሉታል፤ ወተት ያለው ወተት ይጨምርበታል። የተሻለው ቁጢ ከደረቀው ቅጠል ነው የሚገኘው። እማ ሜይሙና ለእንግዳቸው ጥሩ ጥሩውን መረጡ ማለት ደረቅ ደረቁን መረጡ ማለት ነው። የኛ ማሽን ደግሞ የተማረው ከጅማና ከከፋ በመጣ የቅጠል ፎቶ ነው። ደረቅ፣ ቡናማ፣ የተጠቀለለ ቅጠል ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሊጠጣው የለቀመው ቅጠል ዓለም ላይ እንዳለ ማንም አልነገረውም።

ሚኪያስን ወደ ጎን ወሰድኩት።

«ዛፉን ሳታይ?»

«ከዚያው ዛፍ የመጣ ቅጠል መስሎኝ ነው።»

«ከዚያው ዛፍማ ነው የመጣው። የሞተ ሰው ፀጉርም ከራሱ ላይ ነው የሚመጣው፤ ፀጉር የተቆረጠ ሁሉ ግን ሞቷል እንዴ?»

«አላወቅኩም ዕፄ። ቅጠል ይጠጣል ብዬ በምን አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው፤ በምን ያውቃል። ዳገቱን መውጣት ግን ዕውቀት አይጠይቅም፤ እግር ነው የሚጠይቀው። ይህን አልኩትና ጥዬው ወጣሁ።

ከጋሽ ሰዒድ ጋር እርከን በእርከን እየወጣን ዛፎቹን አየሁ። አብዛኞቹ ለምለም ናቸው። የተወሰኑት ላይ ግን የደረቀ ቅርንጫፍ አለ። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቷል፤ የድርቅ ይመስለኛል። ቢላዬን አውጥቼ ቅርፊታቸውን ላጥ አድርጌ ሳይ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ግንድ አድርቅ የገባበት ዛፍ ከቅርፊቱ ሥር ይጠቁራል። ሆኖም በሽታው ገና ሲጀምር በዓይን ላይታይ ይችላል። «ምንም የለበትም» ብዬ ብፈርድ እኔም ከአባይነህ አልሻልም። ስለዚህ ከየዛፉ ጥቂት ጥቂት እንጨት ፈልቅቄ በንጹሕ ከረጢት ያዝኩ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ ጋሽ ሰዒድ። «አለበት የለበትም?»

«የለበትም ብዬ ነው የማምነው ጋሽ ሰዒድ። ግን ላቦራቶሪ ይይልን። ውጤቱ እስኪመጣ እንዳይነኩት።»

«ቢኖርበትስ? ወደ ሰው ማሳ ይሄዳል?»

ሲጠይቁኝ ወደ ታች እያዩ ነበር። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻቸው በጫቱ መሃል ለቤታቸው የሚሆን ጥቂት ጥቂት ቡና አላቸው። እኔም የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። በአፈር ይሄዳል፣ በጎርፍ ይሄዳል፣ በመጥረቢያና በገጀራ ይሄዳል፣ ነፋስም ይወስደዋል አልኩ። ማን ጠየቀሽ ይለኛል አሁን ሆዴ። አጭር መልስ ይበቃ ነበር።

«ጠብቁ ካልሽ እንጠብቃለን፤ ኢንሻአላህ» አሉኝ።

እንጨቱን የዚያኑ ዕለት ለገሊላ አደረስኩላት። ገሊላ አብራኝ የተማረች ናት፤ የዘረመል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። የሷ ማሽን ፎቶ አያይም። እንጨቱን ትፈጭና በውስጡ ያለውን ዘረመል ታወጣለች፤ ሻጋታው ካለ የራሱ የሆነ ምልክት አለው፤ ማሽኑ ያንን ምልክት ፈልጎ እያባዛ እያባዛ እስኪታይ ያደርሰዋል። ከሌለም የሚባዛ ነገር አይኖርም። ለቅጠሉ መድረቅ፣ ለዝናቡ መዘግየት፣ ለአባይነህ ጭብጨባ ደንታ የለውም።

«መብራት ካልጠፋ ዓርብ ጠዋት እሰጥሻለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ሚኪያስን ይዤው ጊደር መጋላ ገበያ ገባሁ። እህልና ቅመም ከሚሸጥበት አልፎ የቁጢ ቅጠል በማዳበሪያ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አንዷ ፊት አቆምኩትና «አንሳ» አልኩት። አነሳ። ስልኩ አሰበና «ግንድ አድርቅ» አለ። ሁለተኛዋ ጋ ሄድን፤ ግንድ አድርቅ። ሦስተኛዋ ጋ፤ ግንድ አድርቅ። ሴትየዋ «ምን ይላል ስልኩ?» አለችኝ። «ሸቀጥሽ በሽተኛ ነው ይላል» ስላት ከት ብላ ሳቀች። «ስልኩስ ቁጢ ከማን ቤት ጠጥቶ ያውቃል?» አለች። ሚኪያስ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልጁን ትንሽ የወደድኩት።

ሁለታችንም በቀጥታ ወደ አባይነህ ቢሮ ሄድን። ሚኪያስ ራሱ አስረዳው፤ ዛፉን አለማየቱን፣ ቅጠሉ ለመጠጥ የተለቀመ መሆኑን፣ ገበያው ሁሉ በሽተኛ ተብሎ መውጣቱን፣ ሁሉንም። አባይነህ እስክሪብቶ እያሽከረከረ አዳመጠና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ስለዚህ በሽታው ካሰብነው በላይ ተስፋፍቷል ማለት ነው።»

መጀመሪያ የቀለደ መሰለኝ። ዓይኑን ሳየው አልቀለደም። እንዲያውም ደስ ብሎታል። አንድ ማሳ ያዝን ብሎ የተጨበጨበለት ሰው ገበያ ሙሉ ያዝን ሲል ሊደረግለት የሚችለውን እያሰበ ነበር።

«አቶ አባይነህ፣ ቅጠሉ የታመመ አይደለም፤ ያረጀ ነው» አልኩት። «ሰው የሚጠጣው ነው። እናቴ የምትጠጣው ነው። እርስዎም ባለፈው ሰሞን በእንግዳ አቀባበሉ ላይ ጠጥተዋል፤ ጣፋጭ ነው ብለው ድገሙኝ ብለዋል።»

«ዕፀገነት፣ ስሜታዊ አትሁኚ። ማሽኑ በሳይንስ ነው የሚሠራው።»

«የገሊላም በሳይንስ ነው የሚሠራው። ዓርብ ውጤቱ ይመጣል። ዓርብና ቅዳሜ መሃል ምን አለ? የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። እዚህ ግን የሚፈሰውን መልቀም እንኳ አይቻልም፤ የተቃጠለ ቡና አይለቀምም።»

ብዙ ተነጋገርን። ድምፄ ኮሪደር ላይ እንደተሰማ ኋላ ነግረውኛል። በመጨረሻ እጁን አነሳና «እሺ፤ የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ የፕሮጀክቱ ሰው አንድ ዛፍ አይነካም» አለ። ቃል ሰጠኝ። አመንኩት። የፕሮጀክቱ ሰው ማለቱን ልብ አላልኩም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ገሊላ ደወለች። «ንጹሕ ነው፤ አንዱም ላይ የለም። እንዳላጠፋ ብዬ ደግሜ ነው የሠራሁት» አለችኝ። ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። ጋሽ ሰዒድ ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደገምኩ፤ አይነሳም። ዓርብ ስለሆነ ለጁምዓ እየተዘጋጁ ይሆናል ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ግን ልቤ አላረፈም፤ ወጥቼ ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩ።

የሶፊን ጠመዝማዛ ስንወርድ ጭሱን አየሁት። ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ የሚወጣ። ባለባጃጁን ፍጠን አልኩት፤ «እህቴ፣ ከዚህ በላይ ከፈጠንን ገደል ነው» አለኝ።

ማሳው ላይ ሰው ሞልቷል። ጉዛ ወጥተዋል። ጉዛ እኛ ጋ ጎረቤት ለጎረቤት የሚወጣው የደቦ ሥራ ነው፤ ሲዘራ፣ ሲታጨድ፣ ቤት ሲሠራ። ሲነቀል አይቼ አላውቅም። ከታች ያሉት እርከኖች ባዶ ሆነዋል። ግማሹ መጥረቢያ ይዞ ይቆርጣል፣ ግማሹ ዶማ ይዞ ሥር ይቆፍራል፣ ሴቶቹ ቅርንጫፉን እየጎተቱ እሳቱ ላይ ይጥላሉ። አረንጓዴ ቅጠል በእሳት ሲጠበስ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ይንጣጣል። ፍሬ የያዙ ቅርንጫፎች ነበሩ። ከሁሉም ፊት፣ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ መጥረቢያውን የሚያነሱት ጋሽ ሰዒድ ናቸው።

«አቁሙ» አልኩ። «አቁሙ፣ ንጹሕ ነው። ውጤቱ መጥቷል፤ ምንም የለበትም።»

አንድ በአንድ ቆሙ። የላይኛው እርከን ብቻ ሳይነካ ቀርቷል፤ የተጎረደው ሁሉ ከሱ በታች ነው። ጋሽ ሰዒድ መጥረቢያውን መሬት ላይ ተክለው እላዩ ላይ ተደገፉ። ላብ በጢማቸው ይወርዳል።

«ጠብቁ አላልኩም?» አልኳቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ግን ጮህኩባቸው። «ኢንሻአላህ አላሉኝም?»

«ብያለሁ ልጄ። ልጠብቅ ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ትናንት ቀበሌው በድምፅ ማጉያ አስነገረ። በሰዒድ ማሳ አደገኛ በሽታ ተገኝቷል፣ ሰውም ከብትም በዚያ እንዳያልፍ አለ። ሴቶቹ ውኃ ሲወርዱ በኔ በር ማለፍ ትተው በገደሉ ዞሩ። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረኝም። ዞሩ ብቻ። ማታ መስጊድ ስገባ ጫማዬን ያወለቅኩበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ጫማውን አላወለቀም። አፈሩን ፈርተው ነው። እኔ የጎረቤቴን ቡና ገድዬ የራሴን አማና ልጠብቅ? ሐራም ነው። ዛሬ ጠዋት ራሴ ጠርቻቸው ነው ጉዛ የወጡት።»

እንዲህ ያለ ደግነት ያናድዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር፣ ይደብቅ ነበር፣ ዘመድ ያስልክ ነበር፤ ዛፉም ይተርፍ ነበር። እኚህ ሰው ግን ለጎረቤታቸው ሲሉ አባታቸው የተከሉትን በገዛ እጃቸው ጣሉት። ከእሳቱ ይልቅ ዓይኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አላለቀስኩም። ስልኬን አውጥቼ አባይነህ ጋ ደወልኩና የሆነውን ነገርኩት። ምን ምን እንዳልኩት ሁሉን አላስታውስም፤ አንተ እንዳልኩት ግን አስታውሳለሁ።

መጣ። የፕሮጀክቱን መኪና ይዞ፣ ሚኪያስን አስከትሎ መጣ። እግሩ መሬት እንደነካ ያለው «እኔ ቁረጡ አላልኩም» ነው። «ቀበሌውን ያልኩት ለጥንቃቄ እንዲያሳውቅ ነው። ማንንም አላዘዝኩም።»

እውነቱን ነው። አላዘዘም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አፋፉ ላይ የነበሩት ደግሞ ጋሽ ሰዒድ ናቸው።

አባይነህ የወደቁትን ግንዶች እየተራመደ ዞር ዞር ብሎ አየና ፊቱን ወደ ሰዉ አደረገ። ሰው ሲያጽናና የሚጠቀምበት ድምፅ አለው፤ በዚያ ድምፅ ጀመረ።

«ወገኖቼ፣ አዝናለሁ። ግን አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ማሽኑ አልተሳሳተም። የደረቀ ቅጠል ቀረበለት፣ ደርቋል አለ። ትክክል ነው። የተሳሳተው የቀረበለት ቅጠል ነው። ለወደፊቱ ባለሙያ ሲመጣ ተገቢውን ቅጠል እንድታቀርቡ ሥልጠና እንሰጣለን። ሚኪያስ፣ ጉቶዎቹን ፎቶ አንሳልኝ፤ ለማስተማሪያ ይሆናሉ።»

ይህን ሲል እማ ሜይሙና እሳቱ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ቅርንጫፍ በእጃቸው ይዘዋል። ነገሩ ሁሉ ከሳቸው ቅጠል መነሳቱን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም አልነገራቸውም። እኔም ሆን ብዬ አልነገርኳቸውም። ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁ። ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ቅጠሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሰዒድ፣ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሰዒድ አንድ እርምጃ ወደሳቸው ሄዱና ቆሙ።

«አይደሉም እማማ» አለ ሚኪያስ። ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ነው የተናገረው። «እኔ ነኝ። ሥራዬ ዛፉ ድረስ ወጥቶ ማየት ነበር። ፀሐዩን ፈርቼ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነው ያነሳሁት። እርስዎ እንግዳ ነው የተቀበሉት። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ወደ አባይነህ ዞረ። «ጉቶውን አላነሳም።»

«ሚኪያስ» አለ አባይነህ፤ «ይሄ የሥራ ትእዛዝ ነው።»

«አላነሳም።»

«ስጠኝ ስልኩን።»

ሚኪያስ አልሰጠውም። አባይነህ ግን የራሱን አወጣ። ከታች ካለው ጉቶ ጀመረ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳ፤ ወደሚቀጥለው አለፈ። ጉዛ የወጣው ሰው ሁሉ መጥረቢያና ዶማ ይዞ ቆሞ ያየዋል። የማደርገውን አላውቅም ነበር፤ እጄ ድንጋይ ጨብጧል። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። የቀደሙኝ እማ ሜይሙና ናቸው። ቅርንጫፉን ጣሉና ሄደው አባይነህና ጉቶው መሃል ቆሙ። ሻሻቸውን ከግንባራቸው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት፤ ፀሐይ በተጨማደደው ፊታቸው ላይ ወረደች።

«በል እኔን አንሳኝ» አሉት።

አባይነህ ቀና አለ። «እማማ፣ እባክዎ ገለል ይበሉልኝ።»

«አንሳኝ እንጂ። ያ ስልክህ ያውቃል አይደል? ጠይቀው። ይህች ሴት ደርቃለች ወይ በለው።» አልጮሁም። ሰው በገበያ ዋጋ የሚጠይቅ ነበር የሚመስሉት። «ቆዳዬን እየው፤ ቡናማ ነው። ተጠቅልያለሁ። ዳር ዳሬ ተበልቷል። ልጆች ወልጃለሁ፣ ትናንት ውኃ ቀድቻለሁ፣ ዛሬ ከባሌ ጋር እንጨት ጎትቻለሁ። ይሄን አያይም። አንሳኝና ደርቃለች ይበልህ።»

አባይነህ ስልኩን ዝቅ አደረገ። 

«ካለህስ?» አሉት። «ደርቃለች ካለህ እኔንም ከነሥሬ ትነቅለኛለህ?»

 አባይነህ ወደኔ አየ፤ ዓይኔን አላነሳሁለትም። ወደ ጋሽ ሰዒድ አየ፤ እሳቸው የሚያዩት ሚስታቸውን ነበር። ከላይኛው እርከን ላይ አንድ ሰው ዶማውን ወደ መሬት ጣለ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እሳቱ እየተንጣጣ ነበር። አባይነህ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ መኪናው ወረደ፤ ሚኪያስ አልተከተለውም።

እማ ሜይሙና ግን አልተንቀሳቀሱም። መኪናው ተነስቶ አቧራው እስኪበርድ ድረስ እዚያው ጉቶው ፊት ቆመው መልሱን ይጠብቁ ነበር።